ጣፋጩ የስፔን ሼሪና ሠሪዎቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የወይን ጠጅ በማስተናግድበት ምግብ ቤት እንግዶች ስለ ሼሪ የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት አይለወጡም። መልሱን ደጋግሜ ከመናገር ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ትኩረቴ ጣፋጩ ሼሪና እሱን የሚሠሩት ሰዎች ላይ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሼሪ ምንድን ነው? ስሙስ ከየት መጣ?

ሼሪ በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ ክልል በካዲዝ አውራጃ የሚሠራ ወይን ጠጅ ነው። ከተራ ወይን ጠጅ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ከወይን የተነጠረ ጠንካራ አልኮል ስለሚጨመርበት ነው፤ አረቄ ገባበት ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ሥራው በዋነኝነት የሚካሄደው እርስ በርስ በሚቀራረቡ ሦስት ከተሞች ነው፦ ሄሬዝ ደ ላ ፍሮንቴራ፣ ሳንሉካር ደ ባራሜዳ እና ኤል ፑዌርቶ ደ ሳንታ ማሪያ። አፈሩ አልባሪሳ ይባላል። ኖራ የበዛበት ነጭ አፈር ነው፤ በበጋ ፀሐይ ላይ ዓይን ያጭበረብራል። የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ይይዝና ዝናብ በማይጥልባቸው ረጅም ወራት ለወይኑ ሥር ቀስ እያለ ይሰጣል።

ሙስሊሞች አካባቢውን ሲገዙ ከተማዋን ሸሪሽ ይሏት ነበር። የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛ በ1264 ያዛት። ስፔናውያን ሄሬዝ አሏት፣ ፈረንሳዮች ዜሬስ፤ እንግሊዞች ግን የድሮውን የዓረብኛ ስም ይዘው ወይኑን ሼሪ ብለው ጠሩት። ስለዚህ ሼሪ ብሎ መጥራት ኩራተኛ ሄሬዛዊን የሚያስቀይም አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉም ለጥንቱ ስም የሚቀርበው እሱ ነው። ከ1996 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከዚያ አካባቢ ውጭ የተሠራ ወይን ጠጅ በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። ከዚያ በፊት ግን የእንግሊዝ ሼሪ፣ የቆጵሮስ ሼሪ እየተባለ ብዙ ተሽጧል፤ መጥፎ ስሙ የመጣውም በከፊል ከዚያ ነው።

ሼሪ ሁሉ ጣፋጭ ነው?

አይደለም፤ እኔም ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ የሰርግ ግብዣ ነበረን። አንዲት እናት «ልጄ፣ ጣፋጭ ነገር ካለህ ትንሽ ቅዳልኝ» አሉኝ። ሼሪ ሁሉ ጣፋጭ ነው ብዬ ስለማምን ከማቀዝቀዣው ፊኖ አወጣሁና በብርጭቆ አቀረብኩላቸው። አንድ ጊዜ ቀመሱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ብርጭቆውን በሁለት ጣታቸው ገፋ አድርገው «ኮምጣጤውን ለሰላጣው ተውለት» አሉኝ።

ፊኖና ማንዛኒያ የሚባሉት ሼሪዎች ስኳር የላቸውም ማለት ይቻላል። በርሜሉ ውስጥ ፊታቸው ላይ ፍሎር የተባለ ነጭ የእርሾ ሽፋን ይወጣል፤ ይህ ሽፋን ወይኑን ከአየር ይጠብቀዋል፣ የተረፈችውን ስኳርም ይበላታል። አሞንቲያዶ፣ ኦሎሮሶና ፓሎ ኮርታዶም ቀለማቸው የጠቆረ ቢሆንም በተፈጥሯቸው ስኳር አልባ ናቸው። ጣፋጮቹ ሌላ ጎራ ናቸው፤ እነሱም ሁለት ዓይነት ናቸው። ከጅምሩ ከጣፋጭ ወይን የተሠሩት ፔድሮ ሂሜኔዝና ሞስካቴል አሉ። ስኳር አልባው ከጣፋጩ ተደባልቆ የሚገኙት ደግሞ ሚዲየም፣ ፔል ክሪምና ክሪም ናቸው።

ጣፋጭነቱ ስኳር ተጨምሮበት ነው?

ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። መልሱ ዘቢብ ነው።

ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። እኛ ዘንድ ለቁርባን የሚሆነው ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። በአንዳሉሲያ ግን ውሃ የሚባል ነገር አይነካውም። ፔድሮ ሂሜኔዝ የሚባለው ነጭ ወይን ቀድሞውኑ ስኳር የበዛበት ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ተለቅሞ ሜዳ ላይ፣ እንደ ሰሌን ካለ ከሣር ከተሠራ ምንጣፍ ላይ፣ ወይም አሁን አሁን ከላስቲክ መረብ ላይ ይሰጣል። ልክ እህል እንደሚሰጣው። ለአንድ ሳምንት፣ ለሁለት ሳምንት እዚያው ፀሐይ ላይ ይቆያል። ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ዘለላውን በእጃቸው ያገላብጡታል፤ የሻገተውን ይለቅማሉ፤ ጤዛ የሚያሰጋ ከሆነ ማታ ማታ ይሸፍኑታል። ይህን ሥራ እነሱ ሶሌኦ ይሉታል፤ «ሶል» ፀሐይ ማለት ነው።

ከዚያ የሚመጣው መጭመቁ ነው። የተጨማደደ ዘቢብ ተራ መጭመቂያ ውስጥ ቢገባ ምንም አይሰጥም። ስለዚህ እንደ ዘይት መጭመቂያ ዘቢቡን በክብ ምንጣፎች መሐል እየደራረቡ በከባድ ኃይል ይጫኑታል። የሚወጣው ቡናማ፣ እንደ ማር የሚዘረጋ ጭማቂ ነው። ስኳሩ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ እርሾ በቅጡ ሊሠራበት አይችልም፤ ትንሽ እንደ መፍላት ሲል አልኮል ይጨመርበትና ፍላቱ ይቆማል። ስኳሩ እንዳለ ይቀራል። የሚቀጥለው ሥራ የበርሜልና የዓመታት ነው።

እንግዲህ በፔድሮ ሂሜኔዝ ውስጥ ያለው ስኳር የወይኑ የራሱ ነው። ርካሽ በሆኑት ድብልቆች ውስጥ ግን ጣፋጭነቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተጣራ የወይን ጭማቂ ነው፤ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ጤናም አይጎዳም፣ ነገር ግን ምላስ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ርካሹ ጣፋጭ ከመሆኑ በቀር የሚናገረው የለውም።

ፔድሮ ሂሜኔዝ ማነው?

የወይን ዝርያ ነው። አፈ ታሪኩ ፔተር ሲመንስ የሚባል ወታደር ከራይን ወንዝ አካባቢ ችግኙን በሻንጣው ይዞ መጣ፣ ስሙም በስፔንኛ ፔድሮ ሂሜኔዝ ሆነ ይላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። የዘረ መል ምርመራ ግን ወይኑ የራሷ የስፔን እንጂ ከጀርመን ዝርያዎች ጋር የማይዛመድ መሆኑን አሳይቷል። ደግሞስ በቀዝቃዛው ራይን ያደገ ተክል የአንዳሉሲያን ሐምሌ እንዴት ይችለዋል?

ከዚህ ይልቅ ልታውቁት የሚገባው ዛሬ አብዛኛው ፔድሮ ሂሜኔዝ የሚበቅለው በሄሬዝ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በኮርዶባ አውራጃ፣ በሞንቲያ ሞሪሌስ መሆኑን ነው። እዚያ ሙቀቱ ይበልጣል፣ የባሕር እርጥበት የለም፣ ወይኑም ቶሎ ይደርቃል። የሄሬዝ ወይን ጠጅ ሠሪ ቤቶች ጭማቂውን ከዚያ እንዲያመጡ የሼሪ ደንብ ይፈቅድላቸዋል፤ በሄሬዝ በርሜል ካረጀ ሼሪ ይባላል። የሞንቲያ ሰዎች በዚህ ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። በራሳቸው ስም የሚያወጡት ወይን ጠጅ ግን ከማንም አያንስም፦ አልቬር የተባለው ቤት ከ1729 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ቶሮ አልባላ የተባለው ቤት የ1946 ምርት ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ጠርሙስ ሲገባ ከታወቁት የወይን ጠጅ መጽሔቶች በአንዱ ከመቶ መቶ አግኝቷል።

ሞስካቴልስ?

መዓዛው የሚቀድም ወይን ነው፤ የብርቱካን አበባና የማር ሽታ አለው። የሚበቅለው ቺፒዮና በምትባለው ከተማ ዙሪያ፣ ባሕሩ አጠገብ በአሸዋ ላይ ነው። ከፔድሮ ሂሜኔዝ ቀለል ይላል። እንግዶቼ ሁለቱንም ሲቀምሱ ብዙዎቹ የሚመርጡት እሱን ነው።

ስኳሩ ምን ያህል ነው?

ደንቡ በሊትር እንዲህ ይላል። ፔድሮ ሂሜኔዝ ከ212 ግራም በታች ሊሆን አይችልም፤ በተግባር ግን 400 ግራም አልፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሞስካቴል ቢያንስ 160 ግራም ነው። ክሪም ከ115 እስከ 140፣ ፔል ክሪም ከ45 እስከ 115፣ ሚዲየም ከ5 እስከ 115 ግራም ናቸው። ለማነጻጸር ያህል በአንድ ሊትር ኮካ ኮላ ውስጥ ወደ 106 ግራም ስኳር አለ። አልኮሉ ከ15 እስከ 22 በመቶ ይደርሳል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ፔድሮ ሂሜኔዝን «ወይን ስለሆነ ምንም አይል» ብሎ ባይሞክረው ይሻላል።

ክሪም ውስጥ ወተት ወይም ክሬም አለ?

የለም። ስሙ የመጣው ከብሪስቶል ነው። በዚያች የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ጣፋጭ ሼሪ «የብሪስቶል ወተት» እየተባለ ይሸጥ ነበር። በ1796 የተመሠረተው የሃርቪስ ቤት የተሻለ ድብልቅ ሲያዘጋጅ አንዲት ጎብኚ ቀምሰው «ያ ወተት ከሆነ ይህ እንግዲህ ክሬሙ ነው» አሉ ይባላል። ቃላቸው የንግድ ምልክት ሆኖ እስከ ዛሬ በሰማያዊ ጠርሙስ ይሸጣል። ዛሬ የምልክቱ ባለቤት የፊሊፒንስ ኩባንያ ነው፤ ወይኑ ስፔናዊ፣ ስሙ እንግሊዛዊ፣ ገንዘቡ እስያዊ።

ክሪም ሲባል ኦሎሮሶ ከፔድሮ ሂሜኔዝ ጋር የተዋሐደበት ነው። በደንብ የተሠራው ውሕደቱ ከተፈጸመ በኋላ ተመልሶ በርሜል ይገባል፤ ሁለቱ ተላምደው እንደ አንድ እስኪሆኑ ዓመታት ይቀመጣሉ። ሉስታው የተባለው ቤት ኢስት ኢንዲያ ሶሌራ የሚለውን የሚያዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው። ስሙ በድሮ ጊዜ በርሜሎች በመርከብ ሞቃታማውን ባሕር አቋርጠው ሲመለሱ ወይኑ ተሻሽሎ ይገኝ እንደነበር ያስታውሳል።

ሶሌራ የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

የእንጀራ እርሾ ታውቃላችሁ። ከትናንቱ ሊጥ ትንሽ ይቀራል፣ የዛሬው በእሱ ይቦካል፣ ከዛሬውም ለነገ ይቀራል። የመጀመሪያው ሊጥ መቼ እንደ ተቦካ የሚያውቅ የለም፤ ግን ትንሽ ነገሩ አሁንም እዚያው አለ። ሶሌራም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ሊጡ በርሜል፣ ሌሊቱ ዓመት መሆኑ ነው።

በርሜሎቹ ከአሜሪካ ኦክ እንጨት የተሠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 600 ሊትር ገደማ የሚይዙ ናቸው። በደረጃ ይከፈላሉ። ከሁሉም ያረጀው ወይን ያለበት ደረጃ መሬት ላይ ይሆናል፤ ሶሌራ የሚለው ስም የመጣውም «ሱዌሎ» ከሚለው ቃል ነው፣ መሬት ማለት ነው። በላዩ የሚደረደሩት ክሪያዴራ ይባላሉ፤ «ማሳደጊያ» ብንለው ያስኬዳል። ለሽያጭ የሚቀዳው ከታችኛው ነው፤ ግን በዓመት ከሲሶ አይበልጥም። የጎደለው ከላይኛው ደረጃ ይሞላል፣ የዚያም ከበላዩ፣ ከሁሉ በላይ ያለው ደግሞ በአዲስ ወይን ይሞላል። ሲሞሉትም ዝም ብለው አይገለብጡትም፤ የታችኛው እንዳይረበሽ በቀጭኑ ያፈሱታል።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ወይን እየተነነ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፤ ውሃው በእንጨቱ በኩል ይወጣል፣ ስኳሩ ይቀራል። ስለዚህ 30 ዓመት የቆየ ፔድሮ ሂሜኔዝ ከወጣቱ ይበልጥ የወፈረ፣ ይበልጥ የጠቆረ ነው። በብርጭቆ ብታሽከረክሩት ብርጭቆው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይቆያል፤ እንደ ሦስተኛ ሳይሆን እንደ አቦል ቡና። ሽታው ተምር፣ በለስ፣ የተቆላ ቡና፣ አንዳንዴም የተቃጠለ ስኳር ነው። እውነተኛው ያረጀ ጣፋጭ ሼሪ ከጣፋጩ ሥር መራራ ነገር አለው፤ ያ መራራ ነገር ባይኖር ከሽሮፕ አይለይም ነበር።

ጠርሙሱ ላይ 1847 ይላል። ወይኑ የዚያን ያህል አርጅቷል?

አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ ቁጥር ሶሌራው የተመሠረተበት ዓመት ወይም የስሙ አካል ነው። ሶሌራ ውስጥ ሁሉም ስለሚቀላቀል ዓመት መጥቀስ አይቻልም። እውነተኛ ዕድሜ የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት ማኅተሞችን ፈልጉ፦ ቪ.ኦ.ኤስ. አማካዩ ዕድሜ ቢያንስ 20 ዓመት፣ ቪ.ኦ.አር.ኤስ. ቢያንስ 30 ዓመት መሆኑን የሼሪን አሠራር የሚቆጣጠረው ምክር ቤት ያረጋገጠበት ነው። ማኅተሙ የተጀመረው በ2000 ነው። ወይኑን ቀማሾች ይቀምሱታል፤ ለዕድሜው ማረጋገጫም የካርቦን ምርመራ ይደረጋል።

ከጠርሙሱ በስተጀርባ ያለው ማነው?

ብዙ ወይን ጠጅ በሚሠራበት አገር ስሙ የሚነሣው ወይኑን የሚተክለው ነው። በሄሬዝ ግን ለረጅም ጊዜ ጌታው ካፓታስ ነበር። ካፓታስ የቦዴጋው አለቃ ነው፤ ቦዴጋ ደግሞ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ ሙቀት እንዳይበዛ ውሃ የሚርከፈከፍበት የበርሜል ቤት ነው። ካፓታሱ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ጠባብ ጽዋ ያለባትን ቬኔንሲያ በበርሜሉ አፍ ይሰድዳል፣ መዝዞ ያወጣል፣ ከትከሻው በላይ አንሥቶ ወደ ብርጭቆ ያፈስሳል። ያሸትታል። ከዚያ በኖራ ቁራጭ በርሜሉ ላይ አንድ ምልክት ያደርጋል፤ የዚያ በርሜል ዕጣ በቃ ተወሰነ። ሁልጊዜ ላይቀምሰው ይችላል፤ አፍንጫው ይበቃዋል።

ጥቂት ስሞች ልጥቀስ። ጎንዛሌዝ ቢያስን በ1835 የመሠረቱት ማኑዌል ማሪያ ጎንዛሌዝ ገና 23 ዓመታቸው ነበር፤ ስለ ሼሪ ብዙም ስለማያውቁ አጎታቸው ሆሴ ረዷቸው፤ ቲዮ ፔፔ የተባለው ፊኖ ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው፤ «አጎቴ ፔፔ» ማለት ነው። በዚህ ቤት ለረጅም ዓመታት የወይን ጠጁን ሥራ የመሩት አንቶኒዮ ፍሎሬስ ናቸው፤ አባታቸውም እዚያው ወይን ጠጅ ሠሪ ነበሩ። ኖኤ የተባለው የቤቱ ፔድሮ ሂሜኔዝ ቪ.ኦ.አር.ኤስ. ማኅተም ያለበት ነው፤ ስሙ ኖኅ ማለት መሆኑን መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ አያጣውም። እዚያ ቦዴጋ ውስጥ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው ነገር አለ። ጣፋጭ ሼሪ የተቀዳበት አንድ ብርጭቆ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ትንሽዬ የእንጨት መሰላል ተደግፎበታል። ለአይጦች ነው። ድሮ አንድ ሠራተኛ አይጦቹን አዝኖላቸው የጀመረው ሲሆን እስከ ዛሬ አልቀረም።

ሉስታው ውስጥ ማኑዌል ሎዛኖ ነበሩ። በለንደን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ ውድድር አልኮል በሚጨመርባቸው ወይን ጠጆች ዘርፍ የዓመቱ ምርጥ ሠሪ ተብለው በተደጋጋሚ ተመርጠዋል፤ በ2016 ዐረፉ። ሳን ኤሚሊዮ የተባለው የቤቱ ፔድሮ ሂሜኔዝና ኤሚሊን የተባለው ሞስካቴል በብዙ አገር ሱቆች ይገኛሉ።

እኔ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የኤል ማኤስትሮ ሲየራ ታሪክ ነው። ቤቱን በ1830 ያቋቋመው ሆሴ አንቶኒዮ ሲየራ በርሜል ሠሪ ነበር፤ ከመኳንንቱ ወገን አይደለም። መኳንንቱም እጁ በእንጨት የሻከረ ሰው ወይን ነጋዴ ሲሆን አልወደዱለትም። ከብዙ ዘመን በኋላ ቤቱ በወራሹ ባለቤት፣ ባላቸው በሞቱባቸው በፒላር ፕላ እጅ ገባ። ለረጅም ዓመታት ወይኑን ለትልልቅ ቤቶች ሲሸጡ ቆይተው በኋላ በራሳቸው ስም ጠርሙስ ማውጣት ጀመሩ። ለዓመታት ወይን ጠጁን የሠሩትም ሴት ናቸው፣ አና ካቤስትሬሮ። በወንዶች አባትነት በሚመካ ከተማ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባርባዲዮ በተባለው ቤት ሞንሴ ሞሊና፣ ዊሊያምስ ኤንድ ሃምበርት በተባለው ቤት ፓኦላ መዲና ለዓመታት የመሩት ሥራም እንዲሁ ነው።

ሌላው ሁለት ወዳጆች የመሠረቱት ኤኪፖ ናቫዞስ ነው። ሄሱስ ባርኪን በግራናዳ ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ሕግ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ኤድዋርዶ ኦሄዳ ደግሞ ቫልዴስፒኖ በተባለው ቤት ለዓመታት ወይን ጠጅ የሠሩ ናቸው። በ2005 ሳንሉካር ውስጥ በአንድ ቦዴጋ የተረሱ የአሞንቲያዶ በርሜሎች አገኙና 600 ጠርሙስ ለራሳቸውና ለወዳጆቻቸው አስቀዱ። ወሬው ተሰማ። ከዚያ ወዲህ እየዞሩ የተረሳ በርሜል ይፈልጋሉ፤ እያንዳንዱን ጠርሙስ «ላ ቦታ» ብለው ቁጥር እየሰጡ ያወጣሉ። «ላ ቦታ» በርሜል ማለት ነው። ቫልዴስፒኖ ራሱ ቶኔሌስ የሚባል ሞስካቴል አለው፤ እጅግ ያረጀ፣ በየዓመቱም ጥቂት ግማሽ ጠርሙስ ብቻ የሚወጣ። እኔ አንድ ጊዜ በማንኪያ ጫፍ ቀምሼዋለሁ። ማታውን ጥርሴን መቦረሽ አልፈለግሁም።

ወጣቶቹስ ምን እየሠሩ ነው?

ራሚሮ ኢባኜዝ እና ዊሊ ፔሬዝ የመሳሰሉት «በርሜሉን አመሰገንን፣ እርሻውን ግን ረሳን» ከሚሉት ወገን ናቸው። ማቻርኑዶ፣ ባልባይና፣ ሚራፍሎሬስ የተባሉት የድሮ የወይን እርሻ ስሞች ተመልሰው ጠርሙስ ላይ መጻፍ የጀመሩት በእንደነሱ ያሉ ሰዎች ግፊት ነው። አልኮል ሳይጨመርበት፣ ወይኑ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቆይቶ በራሱ የሚጠነክረውን የጥንት አሠራርም መልሰዋል። ሥራቸው የበለጠ በስኳር አልባው በኩል ስለሆነ እዚህ አላሰፋውም።

እንዲህ የተለፋበት ወይን ጠጅ ለምን ይረክሳል?

እውነቱን ለመናገር ያሳዝነኛል። በ1970ዎቹ የሄሬዝ ቤቶች ብዛት ላይ ተረባረቡ። ሆሴ ማሪያ ሩይዝ ማቴኦስ የመሠረቱት ሩማሳ የተባለው ድርጅት ቦዴጋ በቦዴጋ ላይ ገዛ፤ በርካሽ ዋጋ ርካሽ ጣፋጭ ሼሪ ወደ እንግሊዝና ሆላንድ ጎረፈ። የካቲት 23 ቀን 1983 የስፔን መንግሥት ሩማሳን በአንድ አዋጅ ወረሰው። ከዚያ ወዲህ ገበያው ሲወድቅ ነው የኖረው። ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ የነበረው የወይን እርሻ ዛሬ ወደ 7 ሺህ ገደማ ወርዷል። በሰው ልብ ውስጥ የቀረው ጣፋጭ ሼሪ አያት ከቁም ሣጥን አውጥታ የምትቀዳው መጠጥ ነው የሚለው ሥዕል ነው። ለገዢው ግን ይህ ኪሳራ ትርፍ ሆኖለታል፦ 30 ዓመት የቆየ የወይን ጠጅ በዚህ ዋጋ ከሌላ ቦታ አታገኙም።

ማላጋና ሼሪ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ማላጋ ወደ ምሥራቅ፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው። ወይኑን የሚያጠፋው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ መጀመሪያ ስፔን የገባው በ1878 በዚያ በኩል ሲሆን ተራራማውን የሞስካቴል እርሻ አወደመው። በኋላ ቴልሞ ሮድሪጌዝ ሞሊኖ ሬያል በሚባለው ወይን ጠጃቸው፣ ሆርሄ ኦርዶኜዝም ከኦስትሪያዊው ከአሎይስ ክራኸር ጋር ሆነው አስነሡት። ብዙ ጊዜ አልኮል አይጨምሩበትም፤ ስለዚህ ቀለል ያለና አዲስ የፍሬ ጣዕም ያለው ነው።

እንደ አክሱማይት ነው?

ጣፋጭ ከመሆናቸው በቀር አይገናኙም። አክሱማይት እንደ ተራ ወይን ጠጅ በትልቅ ብርጭቆ ይጠጣል፤ ፔድሮ ሂሜኔዝን እንደዚያ የሚጠጣ ሰው ሁለተኛውን ብርጭቆ አይጨርስም። ከምናውቀው ነገር ይልቅ የሚቀርበው ለጥቁር ማር ነው።

እንዴት ይቀርባል? ከምን ጋር?

ፔድሮ ሂሜኔዝ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ባለው፣ በትንሽ ብርጭቆ። ሞስካቴልና ክሪም ከዚያም ትንሽ ቢቀዘቅዙ ያምራሉ፤ ክሪም ከበረዶና ከብርቱካን ልጣጭ ጋርም ይጠጣል። በአንዳሉሲያ የተለመደው ፔድሮ ሂሜኔዝን በቫኒላ አይስ ክሬም ላይ ማፍሰስ ነው። ጨው የበዛበት ሰማያዊ አይብም ይወደዋል። እኔ ደግሞ ሚዲየም የሚባለውን ከዶሮ ወጥ ጋር ሞክሬ ወድጄዋለሁ፤ ትንሿ ጣፋጭነት በርበሬውን ታበርደዋለች። ፔድሮ ሂሜኔዝን ግን ከወጥ ጋር አታቅርቡት፤ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ጾም ነው?

ይህን የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄው ደግሞ ከምትገምቱት ይልቅ ብልህ ነው። በድሮው አሠራር ወይን ጠጁ የሚጠራው በእንቁላል ነጭ ነበር። ነጩ ደለሉን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። የሚተርፈውን የእንቁላል አስኳል ቦዴጋዎቹ ለገዳም ይሰጡ ነበር፤ መነኮሳይያቱም ከስኳር ጋር አዋሕደው የሄሬዝን ዝነኛ ጣፋጭ ሠሩበት። ስሙ «ቶሲኖ ደ ሲየሎ» ነው፣ የሰማይ ጮማ እንደ ማለት። ዛሬ ብዙዎቹ የሚያጠሩት በሸክላ አፈር ነው፤ የእያንዳንዱን ቤት አሠራር ግን ከጠርሙሱ ወይም ከሻጩ ማረጋገጥ ይኖርባችኋል። በጾም መጠጣት ይገባል አይገባም የሚለው የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው።

ከተከፈተ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ፊኖ አንድ ሳምንት ገደማ። ክሪም ወር፣ ሁለት ወር። ፔድሮ ሂሜኔዝ በደንብ ተከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል፤ ዕድሜውን ሁሉ ከአየር ጋር ሲታገል የኖረ ስለሆነ በቀላሉ አይበገርም። ጠርሙሱን አቁማችሁ አስቀምጡት፤ አይጋደም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ልግዛ?

ግማሽ ጠርሙስ ፔድሮ ሂሜኔዝ፣ ከመካከለኛው ዋጋ። ርካሹን አትግዙ፤ ቪ.ኦ.አር.ኤስ. ያለበትንም ገና አትግዙ፣ ምላሳችሁ ሳይለምደው ገንዘባችሁ ይባክናል። ከምግብ በኋላ ቡና ሲፈላ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጣት ያህል ቅዱ። አንድ ጠብታ ጠረጴዛ ላይ ከወደቀች ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከደረቀች በቢላዋ ካልሆነ አትላቀቅም።